ሠላሳ አንድ ጥርስ

ቱሉ ዲምቱ፣ ታክሲው ከሚዞርበት፣ ከጎሚስታው ጎን፣
አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለች፣ ለሁለት ሰው የማትሆን።
ሂርጳሳ ውስጧ ተቀምጦ፣ በአንድ ዓይኑ አጉሊ ነክሶ፣
የሰው ሰዓት ሆድ ይከፍታል፣ በነጭ ጨርቅ ላይ አፍስሶ።

እኔ የሌሊት ዘበኛ ነኝ፤ ኮዬ ፈጬ፣ ያላለቀ ሕንጻ፤
ፊሽካ አለኝ፣ ዱላ አለኝ፣ መዝገብ አለኝ፣ ጨለማ እንደ ልብ በነጻ።
ሰዓቴ ግን ይቸኩላል፤ ፀሐይ ከወጨጫ ጀርባ ሳትጠልቅ፣
የቀን ተረኛው ሳይሰናበት፣ ካፖርቴን ሳላጠልቅ፣
በሦስት ቁጥር ቦታ ባለች፣ ምስር በምታህል ቀዳዳ
ነገ ብቅ ይላል ዛሬን ገፍቶ፣ እንዳልተጠራ እንግዳ።

በዚህ ጦስ ነው የታማሁት።

ፌሮ ጠፋ። አርባ ዘንግ። ሲነጋ ቆጥሬ ደንግጬ
"በአሥራ አራት ሌሊት ተሰረቀ" አልኩ፣ ከሰዓቴ ላይ ገልብጬ።
ፎርማኑ ማንደፍሮ ግን ጣቱን አሥራ ሦስት ላይ ተክሎ፣
"እዚህ 'ሰላም አደርን' ብለሃል፤ ታዲያ ፌሮው ሄደ ክንፍ አብቅሎ?"
ከደሞዜ ቆረጠ። የቆረጠው ገንዘብ ያንሳል፤
አድረህ አላደርክም መባል ግን ሆድን እንደ ማረሻ ያርሳል።

ሂርጳሳ ክዳኑን ፈነቀለ።
"ና እይ፤ ይህች ድንጋይ ናት፣ ባትሪው ሲነካት የምትንቀጠቀጥ፣
በሰከንድ ሠላሳ ሁለት ሺህ ጊዜ፣ ያለ ብርድ፣ ሳትደነግጥ።
ከእሷ ሰከንድ ይወለዳል፤ ሰከንድ ደቂቃን ይወልዳል፤
ደቂቃ ሰዓትን፤ ሰዓትም በተራው አንድ ሰነፍ ጎማ ይነዳል፤
ሰነፉ፣ ሰዓት ቆጣሪው ሁለቴ ሲዞር አንዴ ዞሮ፣
በአንዲት ጣት ቀለበቱን ይገፋል፣ አንድ ቀን ጨምሮ።
ቀለበቱ ከፊቱ ሥር ነው፤ ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ ሠላሳ አንድ ጥርስ፤
አንዱ መስኮት ላይ ሲሰጣ፣ ሠላሳው ጨለማ ይቀመጣል ተራው እስኪደርስ።
የሠሩት ሰዎች ጣቷን ያሰቧት ለእኩለ ሌሊት፣
እጆቹ አሥራ ሁለት ላይ ሲገጥሙ፤ እኛ ያንን ቁጥር ሰጠነው ለንጋትና ለምሽት።
ብረት ምን ያውቃል? የቱ እንደሆነ ሰው ነው የሚነግረው፤
መርካቶ ባትሪ የቀየረልህ ልጅ ምሽቱን ነው የነገረው።

ያንተ ቀን ከምን ይጀምራል?"

ዝም አልኩ። ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም።
"ከንጋት" አልኩት በመጨረሻ፣ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ቁልፏን ስቦ እጆቹን አንድ ሙሉ ዙር ወደፊት ነዳ፤
ያ ሁሉ ስሜ የጠፋው የአንድ ዙር ነበር፣ የአንድ ዙር ዕዳ።
ከዚያ ቀኑን ይቆጥር ጀመር፤ ቀለበቱ ወደኋላ አይሄድም፣
አንዲት ቀን ለመመለስ ሠላሳ ቀን ወደፊት፤
ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ወር ሙሉ በጣቱ ሥር አለፈ፣
ሻዬ እንኳ አልቀዘቀዘም።

"ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ ጠዋቱ ሦስት በእጅህ እንዳትነካው፤
ጣቷ ያኔ ጥርሱን ይዛለች፤ ትሰብራታለህ።
ሠላሳ ሲሞላ አንዴ ዝለልላት፤ የኛን ወር አታውቅም።
ጳጉሜ አምስት አልቃ ሲነጋ ደግሞ ሃያ ስድስት ጊዜ።"
ጳጉሜን ሲጠራ ሁለታችንም ሳቅን፤
ደሞዝ የሌላትን ወር ማን ይረሳል።

ቁርጡ አልተመለሰም። ማንደፍሮም ይቅርታ አላለኝም።
አሁን ግን ሊነጋ ሲል፣ ውሾቹ ሲደክማቸው፣
ባትሪዬን አብርቼ መስኮቷን አያለሁ፤
የአሥራ ሰባት እግር፣ የአሥራ ስምንት ራስ፣
ሁለቱም ጎደሎ፣ ሁለቱም እዚያው፤
መዝገቡን ከፍቼ እስኪሞላ እጠብቃለሁ።

በወር መጀመሪያ፣ እውነቱን ልናገር፣
ሠላሳ አንድን ቶሎ አልዘላትም።
አከራዬ እትዬ ዘርትሁን በማለዳ በሩን ስትቆረቁር
አንጓዬን አቀረብኩላት፦ "ይኸው፣ ወሩ አላለቀም።"
አየችው። አገላብጣ አየችው።
"ቀንህስ ይቆይህ" አለች፤ "ኪራዬን።"