በመሃል ያለው ቀን

ሻርጃ፣ ከጎማ መጋዘኑ ጀርባ፣ የካምፓችን ጣራ ላይ፣
ብረቱ ተጋድሟል፣ ሰባት ወር የጠበሰው ፀሐይ።
ብረት አልነው እንጂ የውሃ ቧንቧ ነው፤
ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሚንቶ የጠጣ የወተት ጣሳ ነው።
የቀኙ ከግራው ግማሽ ኪሎ ይበልጣል፣
የዚህ ጣራ ሰው ሁሉ ቀኝ ትከሻው ያዘነብላል።

ተውኩት።
መጀመሪያ ሥራው ነበር፤ አሥራ ሁለት ሰዓት በር መጠበቅ፣
የሚገባ መዝግቦ፣ የሚወጣ መዝግቦ፣ የራስን መውጫ አለማወቅ።
ቀጥሎ ነሐሴ መጣ፤ ቧንቧው መዳፍ ላጠ።
ምክንያቱ ሁሉ አልቆ እንኳ፣ መተዉ ልማድ ሆኖ ተቀመጠ።

ጥቅምት ላይ፣ ንፋሱ ላብ ማድረቅ ሲችል፣
ወጣሁና እሑድ አነሳሁ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕም፣
የሰባት ወር ዕዳ ባንድ ሳምንት የሚከፈል ይመስል።

ሐሙስ ክንዴ ታጥፎ ቀረ፣ አልዘረጋ አለ፤
የደንብ ልብሴን ቁልፍ ሺጁ ቆለፈልኝ፣ እንደ ልጅ እያባበለ።
የሲሚንቶ መኪና ሾፌር ሰላም ቢለኝ ከበሩ፣
እጄ አልነሳ አለኝ፤
«ኮርቷል» ብሎ አለፈ፣ ቅር ብሎት በነገሩ።

ማታ ጋሽ ኩምሳ መጣ፣
አርባ ቶን በሁለት ጣት የሚያነሳ የክሬን ሾፌር፣
ወጣት ሳለ አምቦ ላይ የኤንትሬ አክስል ያነሳ የነበር።
«በሳምንት ስንቴ ልሥራ?» አልኩት።
ከረኩን ፉት አለና፣ ቆይቶ፣
«ስንት ቀን ታርፋለህ?» አለኝ።
«ሥጋ ስታነሳ አይሠራም፤ ስታነሳማ ይፈርሳል፤
ግንበኛው አንተ ስትተኛ ነው፣ ጭቃውን ይዞ ይደርሳል።
ሁለት ቀን ጀምር፣ ሦስት ሳምንት ያህል፤ ከዚያ ሦስት።
የቲማቲም ጣሳዋን አንሳ፤ የሚስቅ ይሳቅበት።
ጡንቻ አይረሳም፤ ያኮርፋል።
ላኮረፈ ሰው ዛሬ ሽማግሌ ልከህ ነገ አትደግምም፤ ቀን ይሰጣል፣
ቀኑ ራሱ ያስታርቃል።»

ሄደ። እኔ ቀን መቁጠር ያዝኩ።
ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ እንቁላል የለም፤
በሽሮ ጉልበት ከሲሚንቶ ጋር ትግል አይገጠምም።
ማክሰኞና ቅዳሜ እንግዲህ።
እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤
የኔስ ተቀቅሎ፣ አራት ሆኖ፣ በላስቲክ ደረጃ ይወጣል።

ማንሳቱ አልከበደኝም።
የከበደኝ በመሃል ያለው ቀን፣
ምንም ያላነሳሁበት፣ ምንም ያልላክሁበት፣
እኔን ብቻ የያዘው ቀን።
እዚህ ማረፍ ስርቆት ይመስላል፤
አልጋ እንኳ በፈረቃ ነው፤ አንዱ ሲነሳ አንዱ ይጋደማል፤
ትራሱ የማን ሙቀት እንደሆነ ማን ይጠይቃል?
ስድስት ዓመት ስኖር ደክሞኝ ወደቅሁ እንጂ
ልተኛ ብዬ ተኝቼ አላውቅም።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ጣራው ላይ እቀመጣለሁ፣
ሺጁ ሲያነሳ ባማርኛ እቆጥርለታለሁ።
ሁልጊዜ ሰባት ላይ ይሰርቃል፤ ስምንት ሳልል ይጥላል፤
«አማርኛ አልችልም እኮ፣ እስከ ሰባት ነው የማውቀው» ይላል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሦስተኛው ሳምንት አለቀ።
የቲማቲሟን ትቼ ወደ ወተቱ ጣሳ ዞርኩ።
ጉልበቴ ትንሽ ፈራ፣ ጀርባዬ ትንሽ ሳቀ።
አንድ። ሁለት።
ከመስጊዱ አዛን ተነሳ፤ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩ።
ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤
ስድስት። ሰባት።
ስምንተኛው ክንዴ ውስጥ ነበር፤
አውቀዋለሁ። ለማክሰኞ ይደር።

ቧንቧውን መሬት ሳላሳርፈው በፊት አዞርኩት፤
ከባዱን ጣሳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣
በግራ በኩል አኖርኩት።