የግራጫ ሽምግልና

አቶ ወርዶፋ መጡ፣ ፎቶ በጋዜጣ ጠቅልለው፣
«አባዛልኝ ልጄ፣ ቀለም ብቻ እንዳይነካት» ብለው።
ሁለት ጎረምሶች፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ በር፣ ትከሻ ገጥመው፤
አንዱ ራሳቸው ናቸው።
ስለ ሁለተኛው አልጠየቅኋቸው።

እንዴት ብዬ ልንገራቸው፣
ፍራንኮ ሱቄ ውስጥ ያለችው፣ ይቺ ዱካ የምታህል ማተሚያ፣
ሆዷ ሙሉ ቀለም መሆኑን፣
ጥቁሩ ብቻውን እንደማይበቃት ለመተዳደሪያ?

ጥቁሩን ብቻ ባዘው፣
ፈንጣጣ የቦረቦረው ፊት አወጣች፤ ነጠብጣቡ የሚቆጠር፣
ግንባርና ጉንጭ ላይ የተዘራ፣ እንደ ጠጠር።

ሦስቱንም ጠራኋቸው፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ወይንጠጅ፣
እንደ ድንበር ተጋፊ ጎረቤት፣ አንዱ በአንዱ ደጅ።
ወይንጠጁ ትንሽ ካየለ፣ ጎረምሶቹ ያፍራሉ፤
ሰማያዊው ከበረታ፣ በአዳማ ሚያዝያ በርዷቸው ይንቀጠቀጣሉ፤
ቢጫው ካመለጠኝ ደግሞ፣ ወባ የያዛቸው ይመስላሉ።

ሽምግልና ነው ሥራው። ከዚህ ሁለት ነጥብ ቀንስ፣
ከዚያ ግማሽ ጨምር፣ ይድረቅ፣ እስኪነጋ ታገሥ።
ግራጫ ማለት ለካ ቀለም አልባ አይደለም፤
ሦስት ተጣልተው፣ አንዱም ያልረታበት ሰላም።

በሰባተኛው ወረቀት፣ ከአምፖሉ ሥር፣ ንጹሕ ሆነ፤
አመድ የመሰለ፣ ወዲህ ወዲያ ያላለ፣ የተመዘነ።
ደስ ብሎኝ ይዤው ወጣሁ፣ ባጃጅ አቧራ ወዳስነሣበት፤
ፀሐይ ስትነካው አረንጓዴ! ልክ ጎመን እንደተቀቀለበት።

ተመለስኩ፤ ከአምፖሉ ሥር ታረቁ። ወጣሁ፤ ተጣሉ።
ቤት ውስጥ ስቀው፣ ደጅ የሚካሰሱ ወንድማማች ይመስላሉ።

አቶ ወርዶፋ ሲመጡ፣ ነገሩን አልሸሸግኋቸው፤
«የት ነው የሚሰቀለው? መስኮት ጋ ነው ወይስ አምፖል ሥር?» አልኳቸው።
ከዘራቸውን ከግራ እጅ ወደ ቀኝ አዛወሩ፤
ስለ ሁለተኛው ጎረምሳ፣ ያኔ ነው የተናገሩ፦

«አንዱ ለኔ፣
አንዱ ለወንድሜ ነው፤ ወንጂ ላለው።
በአባታችን ቤት ካርታ የተነሣ፣ በሩን ከረገጥኩ ሠላሳ ዓመቴ ነው።
መስኮት ይኑረው፣ አይኑረው፣
መብራቱ ነጭ ይሁን ቢጫ፣ እኔ በምን ልወቀው?»

ምንም አልመለስኩም። ማተሚያዋን አስነሣሁ፤
ስምንተኛውን ወረቀት አጎርሼ፣ ሦስቱን ባለጋራዎች ጠራሁ፣
ሁለታችንም ለማናውቀው ቤት፣ ለማናውቀው ብርሃን።

አቶ ወርዶፋ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ እያለ የሚወጣውን ጠርዝ ያያሉ።
መጀመሪያ ፀጉሩ ወጣ።
«ይሄኔ ሸብቷል» አሉ።