የሸክላው ሌላኛ ገጽ

ፀሐይ ለምሳ ብቻ ብቅ ብላ በምትመለስበት፣
ባሕሩ ከዳር ከዳሩ መርጋት በጀመረበት
በዚያ በኅዳር ማታ፣
የሱቄን መጋረጃ ጋረድሁና በዝግታ
አሥራ አንድ ወንበር ደረደርሁ፤
ሁለቱ ያነክሳሉ፣ ካርቶን አጥፌ ደገፍሁ።

አዲስ ሸክላ መጥቷል፣ የከተማችን ልጅ የአይኒኪ፤ ልባሱ ግራጫ፣
ስም የለው ሥዕል የለው፣ ጥግ ላይ አንዲት መስኮት ብቻ፣
መብራቷ በርቶ ይሁን ጠፍቶ
ማንም አይለይ አተኩሮ አይቶ።
እሷ ራሷ አልመጣችም። «እኔ ካለሁ ይዋሻሉ» ብላ
በፖስታ ላከችልኝ፣ በአሮጌ ሹራብ ጠቅልላ።

መርፌዋን አሳረፍሁ።
ጊታር የለ፣ ከበሮ የለ፤ ሲንተሳይዘር በሲንተሳይዘር ላይ
እንደ ጉም ተነባብሮ፣ እንደ ጠዋት ወደብ ሰማይ፣
ድምፅዋ ከሥር ከሥር፣ ከንፈሯ መስታወት ነክቶ እንደሚያወራ፣
ግማሹን ለእኛ፣ ግማሹን ለሌላ ሰው አደራ።

ካርሎ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን መቺ፣ ክንዱን አጣምሮ
«ሁለት ኮርድ!» አለ፣ «ይህን ሁሉ ደቂቃ፣ ሁለት ኮርድ ተገትሮ!
እኔ ለቀብር እንኳ ሦስት እመታለሁ።»
ሣቅን። እሱ አልሣቀም።

ሄልቪ የሌሊት ነርስ ናት፤ ካፖርቷን አላወለቀችም።
«ይሄ ዘፈን አይደለም» አለች፣ ድምፅዋን አላነሣችም፣
«ኮሪደር ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ሰው ሁሉ ተኝቶ የአንዱ ክፍል ደወል የሚጮኽበት፣
ሮጠሽ ስትደርሺ…» አቋረጠችው።
ማንም ቀጥዪ አላላት፤ የካፖርቷን ቁልፍ ቆለፈችው።

ኔላ ገና አሥራ ሰባቷ ነው፤ «የአባቴ ዘመን ነገር!» ብላ
ስልኳን መነካካት ያዘች፣ አንገቷን ቁልቁል ጥላ።
ሦስተኛው ላይ ግን ስልኩን በሆዱ አስተኛችው፤
ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ ቃሏን ነበር ሌላው የሰማው።

ያልማሪ፣ በረዶ ጠራጊው፣ ከሌሊት ጀምሮ መሪ ላይ የዋለ፣
አንቀላፋ፤ ማንኮራፋቱ ከምቱ ጋር ተካከለ፣
ነቅቶም «የት ደረስን?» አለ።
ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ ይሄ ሳይሻል አይቀርም።

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ። «ቀዝቃዛ ነው።» «አይ፣ ቀዝቃዛውማ ሱቁ ነው።»
«ማሽን ልብ የለውም።» «ለጆሮሽ ያልደረሰ ሁሉ የለም ማለት ነው?»
እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ሸክላውን ገለበጥሁ፣
አቧራውን እፍ አልሁ።

በዚህኛው ገጽ፣ ከሁሉ በታች፣ አንድ ጉርምርምታ አለ፤
ዜማ አይሉት፣ ዝምታ አይሉት፣ እዚያው የተተከለ።
ኡርሆ፣ እስካሁን ስሙን ያላነሣሁት፣ አንካሳው ወንበር ላይ የነበረው፣
ለሙዚቃ ሳይሆን ለማሞቂያዬ ሲል የሚመጣው፣
ቀና አለ።
«ቁጥር ሦስት» አለ።
«ምኑ?»
«ማሽን ቁጥር ሦስት። የወረቀት ፋብሪካው። እሱ ነው።»

ተፈታቶ፣ በሣጥን ታሽጎ፣ ለሩቅ አገር ተሽጦ
አራት ክረምት ሆኖታል፤ ከተማው መጀመሪያ በዝምታው ደንግጦ
ኋላ ለምዶት። ልጅቱ መቼ ገብታ ቀዳችው?
በየትኛው በር? ወይስ ሽማግሌውን ጆሮው አሳሳተው?
አላወቅንም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከአጠገቡ የቆመ ሰው
ተነሥቶ መዳፉን ድምፅ ማጉያው ላይ አሳረፈው፣
ኩሽኔታ ግሎ እንደሆነ እንደሚዳብስ መካኒክ።

«ትንሽ ቀጥኗል» አለ ቆይቶ። «ወረቀቱ ሲረጥብ ይወፍር ነበር።»
እንባ አልነበረም፤ እንዲያ ያለ ነገር ከኡርሆ አይጠበቅም።
«ደግመህ አስቀምጣት።»
ሦስት ጊዜ ደገምኋት።
ካርሎ ክንዱን ፈታ፤ «ሁለት ኮርድ» አለ አሁንም፣
ግን እንደ ቅድሙ አልጮኸም።

ሸክላ መቼም ሸክላ ነው፣ የያዘውን ያንጠባጥባል፤
ያ ማታ ግን ለማን እንደፈሰሰ ማን ያውቃል?
አራት ሸጥሁ። ኡርሆ አልገዛም፤ ማጫወቻ የለውም።

በማግሥቱ ወለል ስጠርግ አንዱ ወንበር ሲያነክስ አየሁ፤
ከእግሩ ሥር ያጠፍሁትን ካርቶን ፈለግሁ፣ አጣሁ።
የፋብሪካው ማኅተም ነበረበት መሰለኝ።