ያልታሸገው ፖስታ

ሃያ ሦስት ዓመት አዘዞ፣ ግዥ ክፍል ተቀምጬ፣
ፖስታ ሳሽግ ኖርኩ፣ ቀይ ሰም በክብሪት አቅልጬ።
ሦስት ፕሮፎርማ፣ ሦስት ፊርማ፣ አንድ ማኅተም፤
ከዚያ ወዲያ ላለው ዓለም
ዓይን አልነበረኝም።

መቶ ሰማንያ ገጽ ነበር የሬዲዮው ጨረታ፤
ክብደቱ በግራም፣ ቀለሙ፣ የማንገቻው ርዝመት፣ የቁልፉ ቦታ።
በአራተኛው ዓመት ዕቃው ሲደርስ
ባትሪውን የሚሠራው ፋብሪካ ተዘግቷል፤
ሣጥኑ ዛሬም መጋዘን ነው፣ አይጥ ወልዶበታል።
ደንቡ ግን አልተጣሰም።
ኦዲተር መጣ፤ አመሰገነኝም።

ዘንድሮ ሻለቃ ዳምጠው አራት ቅጠል ይዞ ገባ፣
“ጋሽ ሰጠኝ፣ ይቺን ይዩልኝ” አለ፣ ልጅ እንደሚያባባ።
“ጨረታው የታለ?”
“የለም።”
“ዝርዝር መግለጫውስ?”
“የለም።
የጻፍነው ችግሩን ነው፦ ሊማሊሞ ላይ ድምፅ ይጠፋል፤
መላ ያለው ያሳየን፣ ለሞከረበት ይከፈለዋል።
ዐሥር ዕቃ፣ ስልሳ ቀን። ከሠራ እንጨምራለን፤
ካልሠራ ተጨባብጠን እንለያያለን።”

መላው ባንቺአምላክ ጋ ነበር፣ ፒያሳ ሞባይል ከምትጠግነው፤
ሣጥኗን የሠራችው ለደባርቅ መንገድ ሾፌሮች ነው።
መዳፍ ታህላለች። ኔትወርክ ሲጠፋ
አይሱዙ ለአይሱዙ ያቀብልባታል ወሬውን፦
የጎማውን መፈንዳት፣ ዝናቡን፣ ትራፊክ ፖሊሱን።

ውሉን ቆማ አነበበች፣ ካውያዋ እጇ ላይ እንደጋለ፤
“ብሩ ይበቃል፤ ግን የጎደለ ነገር አለ።”
በእስክርቢቶ፣ ጠርዙ ላይ፣ አንድ መስመር ጨመረችበት፦
“የሾፌሮቹን ጨዋታ ማንም አይስማበት።”
ሻለቃው እኔን አየኝ። እኔ ወረቀቱን።
ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ ውድቅ ነው፤ ማን ያጣዋል ደንቡን?

በሙከራው ቀን ስምንቱ ተናገሩ፣ ሁለቱ ዲዳ ሆኑ።
በእኔ ደንብ ቢሆን ዐሥሩም በቃ፣ እዚያው በከኑ።
እሷ ግን የፒካፑ ኮፈን ላይ ክዳናቸውን ከፈተች፤
“እዚህ ጋ ነው፤ ሳምንት ስጡኝ” አለች።

ስንወርድ ነው፣ ጭጋጉ መሀል፣ አንዱ ጠመዝማዛ ላይ፣
የማናውቀው ሰው ከሣጥኗ የጮኸው፦
“እናንተ ታች ያላችሁ! ቀስ! ድንጋይ ወርዷል መንገዱ ላይ!”
ቆምን።
ሞተሩ ብቻ ያጉረመርማል።
ሃያ ሜትር ፊታችን፣ ቤት የሚያህል ድንጋይ ተጋድሟል።

ባንቺአምላክ ምንም አላለች። ሻለቃውም።
እንዳንሰማ የተከለከልነውን ሰምተን ነው የዳንነው፤
ይህ ጥሰት ነው? ወሳኙስ ማነው?

ሪፖርቱን ማታ ጻፍኩት፣ አዘዞ፣ ብቻዬን፣ በፋኖስ፤
ያን ሾፌር የት ላግባው? ስሙን አላውቅ፣
ውል የለው፣ ቲን ቁጥር የለው፣ ደረሰኝስ?
ውሉን ፈረምኩ። መስመሯን አልነካኋትም፤
ነገ ማን እንደሚጠብቃት ግን አላውቅም።
ሰሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፣ ክብሪቱም ከጎኑ።

“የተናገሩ፣ በቁጥር” ከሚለው ሥር
ስምንት ብዬ ነበር፤
ሰረዝኩና
ዘጠኝ አልኩ።