ጎላ ያለ ስም

ሊዮን፣ 1967 እ.ኤ.አ.

ሊዮን ቁልቁለቱ፣ የሐር ሸማኔ ሰፈር፣
የሙሴ ቴዎፊል ሱቅ ጣራው ያፈስ ነበር።
በቆዳ መዝገቡ ዱቤ ሲጽፍ ኖሮ፣
እጀታ ያለው ብረት ባንክ ሰጠው ዘንድሮ።
ብረቱ ፊት አያይ፣ የማን ልጅ አይልም፤
ጎላ ያለ ስም ካለ ሌላ ዋስ አይሻም።

ኦዲል ሻማ ይዛ፣ ጥቁር ሻርፕ ለብሳ፣
ካርዱን አወጣችው ፊደሉን ደባብሳ።
«አምብሯዝ» ይላል ካርዱ፣ በጣት ይነበባል፤
አምብሯዝ ግን ጾሙ ሳይገባ ተቀብሯል።
ቴዎፊል ያውቃል፤ ሣጥኑን ተሸክሟል።

ሳበው እጀታውን፤ ክርር አለ ብረቱ፤
ስሙ ሦስት ሆኖ ወጣ፦ አንዱ ለባንክ ቤቱ፣
አንዱ ለመዝገቡ፤ ሦስተኛው ለእሷ፣
ገባ ከነቀለሙ፣ ተጣጥፎ፣ ከኪሷ።

በወር መጨረሻ ባንኩ ይልካል ደብዳቤ፤
«ለአቶ አምብሯዝ» ይላል፦ የአንድ ሻማ ዱቤ።