የስሪት አገር

ከሐረጎ ቁልቁል ጉሙ ይንከባለላል፣
ቦርከና ሳይደርስ ግን መንገድ ላይ ይቀልጣል።
እኔም ቢሮ ገባሁ፣ ማኅተሜን አነሳሁ፣
ዛሬ ስንት እንደሆን ቀኑን ግን ረሳሁ።
ደጁ ላይ ሰልፍ አለ፦
ምስር ያስጫነ፣ ቆዳ የጠቀለለ፣
በማሾ ጆንያ ላይ ተኝቶ የዋለ፤
ሁሉም ወረቀት ይዞ፣ ጥያቄው አንድ ብቻ፦
«ስንት እጁ ከውጭ፣ ስንት እጁ ኮምቦልቻ?»

አገሮች ተሰብስበው የፈረሙት ውሉ
አጭር ነው አመሉ፦
«ከመቶው ሠላሳ አምስት ከአባል አገር ካለ
ቀረጥ አይጠየቅም፣ ኬላው ይለፍ አለ።»
ሥልጠና ወስጃለሁ፣ አንቀጹን በቃሌ ይዣለሁ።
ያልገባኝን ያስረዳችኝ ግን ሉባባ ናት።

ባንድ ሐሙስ ከሰዓት
መጣች፣ ክንዷ ላይ ሶዳ የላጠው ምልክት፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞራ አንጥራ፣ ቆርጣ፣
የበርበሬ ወንዝን ልብስ ስታነጣ።
ሁለት ሳሙና ጣለች ጠረጴዛዬ ላይ።
«ይቺ የኔ፤ ይቺ ደግሞ ትናንት የገባች፣
ዘንባባ የተሳለባት፣ ሦስት ብር የረከሰች።
አባል ነን ትላላችሁ። ማን ነው የጠየቀኝ?
እኔ እድር ስገባ ድንኳኑን አስቆጠሩኝ፣
ወንበሩን አሳዩኝ፣ መዋጮውን ነገሩኝ።
ይሄኛው እድር ግን የት ነው የሚቀብረኝ?»

ስለ ሰፊ ገበያ ጀመርኩ እንደ ሰነዱ፣
ስንት ሚሊዮን ሸማች እንዳለ በመንገዱ።
«ሸማቹ ሚሊዮን ነው» አለች፣
«የኔ በርሜል ግን ሁለት።»

በዚያው ሳምንት ኑርዬ፣ የተሳቢው ሾፌር፣
ምስሩን አራግፎ ደወለ ከማዶ አገር፦
«ድሮ ሁለት ሌሊት ያሳደረኝ ኬላ
ዛሬ ሻይ ሳልጨርስ ቀረልኝ ከኋላ።»

አንድ በር ነው የተከፈተው፤
ለኑርዬ መንገድ፣
ለሉባባ ብርድ።

ማታ ቢሮው ሲዘጋ ትርፍ ቅጽ አነሳሁ፣
ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ራሴን ሞላሁ።
ስም፦ ይማም። የአባት ስም፦ ገብረ ሕይወት።
ጥሬ ዕቃ፦ በናቴ በኩል የባቲ ኦሮሞ፣
ቅድመ አያቷ አፋር፣ ለጨው መጥቶ ታሞ፣
አስታመው ያስቀሩት፣ ድረው፣ ከርሞ ከርሞ።
በአባቴ አንድ ቄስ አለ፣ አንድ የአርጎባ ሸማኔ፣
የቀረው አልታወቀም። ስንት እጄ ነው የኔ?
«ድምር» የሚለው ሣጥን ባዶውን አደረ።

«ባቲ ሰኞ ሰኞ ያለ ውል ስንት ዘመን ኖረ፣
ጨውና ማሽላ አብሮ ዋለ፣ አብሮ አደረ»
ብዬ ባወራለት አጎቴ ሳቀ፦
«ጨው የበዛ ለታ ባለጨው ያለቅስ ነበር።
ያኔም ገበያ ነው። ማንም አልጸደቀ።»

ሉባባ አልዘጋችም።
እንዶድ ጨመረችበት፣ ጥቁር አዝሙድ ነሰነሰች፣
እንደ ሰው ሰልፍ ይዛ «ቅጹን ሙላልኝ» አለች።
ሞራው የኛ፣ እንዶዱ የኛ፣ ሶዳው ብቻ ነው ሩቅ፤
ሰባ አንድ እጅ ሆነ። ማኅተም መታሁ፣ ጥብቅ።

አርባ ካርቶን ሄደ በኑርዬ ተሳቢ።
ሃያ ስምንቱ ተሸጠ።
አሥራ ሁለቱ በሁለተኛው ወር ተመለሰ፦
«ክብደቱ በግራም አልተጻፈም።»

ይነድዳታል ብዬ ስፈራ፣ ካርቶኑን አገላበጠች፣
የሦስት ኬላ ማኅተም በጣቷ ቆጠረች፤
«እኔ ከሚሌ አልፌ አላውቅ፣
ሳሙናዬ ቀደመችኝ» አለች።

አንዷን ሰጠችኝ። ማታ እጄን ታጠብኩባት።
አረፋዋ ደህና ነው፤
የማኅተሙ ቀለም ግን ካውራ ጣቴ አልለቀቀም።
ያቺ ባለ ዘንባባዋ ዛሬም በሦስት ብር ረክሳ ሱቁ ውስጥ ተደርድራለች።
ሉባባ ሐሙስ ትመጣለች፤
ሚዛን ተበድራለች።