የሰው ወርቅ

አርብ አርብ በማለዳ፣ ከረሆቮት ያፎ፣
አውቶቡሱ ያወርደኛል
ብርቱካን የነበረውን፣ ፎቅ የሆነውን አልፎ።

ነጋዴው ኒሲም ያውቀኛል፤
ከዛገ ቁልፍ፣ ከዲዳ ራዲዮ መሐል
«ያንተን አስቀምጫለሁ» ብሎ ሳጥን ያቀብለኛል።

ምን አለው ብትሉኝ፣ ሰው የጣለው ነገር፦
የሳሙና ማስታወቂያ፣
ጥርሷ ከሳሙናው የነጣ ሴት ስትስቅበት፣
የማርጋሪን፣ የክብሪት፤
ብርቱካን ባሕር ሲሻገር የተከናነባት ነጠላ፣
ስስ ወረቀት፣ መርከብ ከፊት፣ ዋጋ ከኋላ፤
ከሁሉ በታች ደግሞ ያዲስ ዓመት ካርዶች፣
እርግብና ሮማን፣ ቀይ ጉንጭ ያላቸው ልጆች፣
በወርቅ ብናኝ ተነስንሰው፣
እንኳን አደረሰህ የሚሉ፣ የማላውቀውን ሰው።

እኛ ይህን በዓል ስናውቀው ብርሃን ሠረቀ ነበር፤
ጸሎት ነበረው እንጂ ወረቀት አልነበረውም።
ማን ለማን ይጽፋል፣ ሁሉም እዚያው ቆሞ?
ካርድ የሩቅ ሰው ነገር ነው፤
እኛ ደግሞ ገና ሩቅ አልነበርንም።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይ፣
በመስከረም ከረጢቱ ሲነፋ፣
የወርቁ ብናኝ ይቀር ነበር በጥፍሬ ላይ።
ትርንጎ በሕይወት ሳለች፣ እጄን ወደ መብራት ስባ፣
«ከማን ሰርግ መጣህ?» ትለኛለች፣ ገና በሩን ሳልገባ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል።
ይባል። ጥፍሬን ያየ ያውቃል።

ሁለት ሁለት ያለኝን በደረጃው አድላለሁ።
ለሦስተኛው ፎቅ ለፍሪዳ
የሳሙናዋ ሴት ደረሰቻት፤
መነጽሯን አድርጋ አየቻት።
«ይህ ሳሙና እኮ ዓይን ያቃጥል ነበር» አለች፤
ሳቀች፤ ደግማ ሳቀች፤
ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝም አለች።

አንዱን ካርድ ግን ለማንም አልሰጠሁ።
ከጀርባው በእርሳስ፦ «ዶራ፣ ዘንድሮም አልመጣሁ።»
ቴምብር የለው፣ አድራሻ የለው፤ ሳይላክ የቀረ።
የሰውን ደብዳቤ ሲለይ ለኖረ
እንዲህ ያለው ነገር እንቅልፍ ይነሳል።

እናም በየዓመቱ፣ በበዓሉ ዋዜማ፣
ከሕንጻችን የፖስታ ሳጥኖች በላይ
በመርፌ እሰካዋለሁ፤
ዶራ ካለች ትስማ።

ዘንድሮ በጠዋት ብወርድ የለም።
በዚያው መርፌ፣ በዚያው ቀዳዳ፣
የብርቱካን መጠቅለያ ተሰክቷል፣
ሰማያዊ፣ እኔ ዘንድ የሌለ ቀለም።

ማንንም አልጠየቅሁ።
ገልብጬ አየሁት፤ ባዶ ነው።
አሸተትሁት፤ ሽታ አለው፣
ወይም አለው አልሁ።